ሳጥኑ ሁለት ክረምት አለፈ፦ 100 አምፒር ሊትየም ባትሪና ኢንቨርተር ከ16 ወር በኋላ

ባትሪውን የገዛሁት ሰኔ 2016 ነው፣ ይሄን የምጽፈው ጥቅምት 2018፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ሰርቶልኛል ማለት ነው። የገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት "አሪፍ ነው" ብሎ ፎቶ ይለጥፍና ይጠፋል፣ ከአመት በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግርህ የለም፣ እኔም ስገዛ የቸገረኝ እሱ ነበር።

የገዛሁት ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሊትየም ባትሪ ነው፣ አይረን ፎስፌት የሚሉት አይነት፣ ከሱ ጋር ቻርጀሩ አብሮት ያለ 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ግድግዳው 220 የሚቀይረው) እና አንድ ባለ 200 ዋት ሶላር ፓኔል። ባትሪው 42 ሺ፣ ኢንቨርተሩ 19 ሺ፣ ፓኔሉ 9 ሺ፣ ድምሩ 70 ሺ ብር ገደማ፣ የገጠመልኝን ልጅ ሳልቆጥር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ባትሪው ቤት ከገባ ወር አልፎት ነበር፣ ባለፈው ሰሞን ያንኑ ባትሪ ስጠይቅ ባትሪው ብቻውን 65 ሺ አሉኝ፣ ስለዚ በዋጋ በኩል ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን እድል ነው የረዳኝ።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። እቃው የገባ ቀን ዙሪያውን እያየች "ይሄ ሳጥን ስንት አወጣህበት?" አለችኝ፣ ዋሸሁ፣ ሰላሳ አልኳት። "እንጀራ ይጋግራል?" "አይ እማዬ፣ እንጀራ እንኳን አይጋግርም።" "ታዲያ ምን ያረጋል?" "መብራት ይሰጣል፣ ዋይፋይ፣ ቲቪ፣ ፍሪጅ።" "መብራትማ ሻማም ይሰጣል" ብላ ገባች። እውነት ለመናገር ከ16 ወር በኋላም ከዚህ የተሻለ ሪቪው የጻፈ አላየሁም፣ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ክረምት ሲገባ የኛ ሰፈር መብራት አኳኋን ይታወቃል፣ ንፋስ ሲነሳ አምፖሉ ይፈዛል፣ ቮልቴጁ 170 ምናምን ይወርዳል፣ ከዛ ድርግም። አንዳንዴ አስር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከማታ እስከ ጠዋት። ሰው "ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ አሁን ደሞ ባትሪ ለምን?" ይለኛል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን የኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ባህር ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ ወይ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ነው፣ ጉባ ላይ የቱንም ያህል ቢመነጭ የተበጠሰ ሽቦ ዘሎ አይመጣም።

መብራት ሲሄድ ደሞ ውሃም ይሄዳል፣ ፓምፑ የሚሰራው በመብራት ስለሆነ 4ኛ ፎቅ ጠብ አይልም። ይሄን ባትሪው አይፈታውም። ከባትሪው በፊት መግዛት ያለባችሁ አራት ጄሪካን ነው፣ ሰው በዋት ሲጨቃጨቅ ይረሳዋል።

ወደ አቅሙ ስመጣ፣ 100 አምፒር የሚሉት ሙሉ ስሙ አምፒር ሰዓት ነው፣ በ12.8 ቮልት ሲባዛ 1280 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ እጅ ላይ የሚደርሰው 1100 አካባቢ። እኛ ቤት ማታ ማታ አራት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ ዋይፋዩ 10 ዋት፣ ቲቪው 70፣ የኔ ላፕቶፕ 40፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲበራ ሰባት ሰዓት ይሄዳል። አዲስ እያለ ሰዓት ይዤ ሰባት ሰዓት ከሩብ አገኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት በዛው ጭነት ስሞክረው ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጠፋ። ለ16 ወር ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ከዚህ በፊት የመኪና ባትሪ ነበር የምጠቀመው፣ አመት ሳይሞላው ሞተ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የመኪና ባትሪ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ባዶ እስኪሆን ለመጠባት አይደለም፣ ግማሽ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሊትየሙ ይሄ ጣጣ የለበትም፣ ክብደቱም 11 ኪሎ ብቻ ነው፣ ለምን ይሄን እንዳነሳሁ ወደታች ታያላችሁ።

ፍሪጁን ይችለዋል። ሲነሳ አንዴ ያቃስትና ይረጋጋል። ግን ፍሪጅ ከጨመርክበት ሰባቱ ሰዓት ወደ አራት ይወርዳል፣ ስለዚ እኛ በሁለት ሰዓት አንዴ ለግማሽ ሰዓት እንሰካዋለን፣ በሩ ካልተከፈተ ይበቃዋል። ለበዓል የገዛነው ስጋ እስካሁን አንዴም አልተበላሸብንም። ኢንቨርተር ስትገዙ ፒውር ሳይን የሚባለውን፣ ማለትም እንደ ግድግዳው ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን ጠይቁ፣ ርካሹን የገዛ ጎረቤቴ ፍሪጁ እንደ ንብ ነው የሚያጉረመርመው።

አሁን ወዳናደደኝ ልምጣ። የገጠመልኝ ልጅ ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የዘረጋው ሽቦ የግድግዳ ሶኬት ሽቦ ነበር። እኔ ምን አውቄ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባለቤቴ ሳታስበው ካውያ ሰካች፣ ትንሽ ቆይቶ ቤቱ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸተተ፣ ሮጬ ስነካው ሽቦው አይጨበጥም። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው፣ በ220 ቮልት 1000 ዋት ማለት 5 አምፒር እንኳ አይሞላም፣ በ12 ቮልት ግን ወደ 90 አምፒር ነው፣ ለዛ ባለ 25 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል፣ ከባትሪው አጠገብ ደሞ ፊውዝ። ሌላ ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ አስቀየርኩ፣ ሽቦና ፊውዝ ተጨማሪ ብር ወጣ። ፊውዝ የሌለው ገጠማ ከሆነ ያላችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት፣ ቤት ያቃጥላል።

ሁለተኛው ራስ ምታት ቻርጀሩ ነበር፣ እንደ መኪና ባትሪ ላለው ለአሮጌው አይነት ተብሎ የተዘጋጀው ሴቲንግ ላይ ስለነበር ቮልቴጁ ከፍ እያለ ባትሪው ራሱን ይዘጋ ነበር። "ተበላሸ" ብዬ ለሻጩ ደወልኩ፣ "አምጣው" አለኝ፣ ተሸክሜ ወሰድኩት፣ ባትሪውን ለክቶ "ደህና ነው" ብሎ መለሰልኝ። ሴቲንጉን በመጨረሻ ራሴ ከማኑዋሉ ላይ አገኘሁት። በቃ አንድ ቁልፍ ነው። አንድ ወር ተኩል የተጨነቅኩት ለአንድ ቁልፍ።

ሶስተኛ፣ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ከበራ 12 ዋት አካባቢ ይበላል፣ በ24 ሰዓት ወደ 300 ይጠጋል፣ የባትሪው ሩብ ገደማ ለምንም ሄደ ማለት ነው። ስለዚ ስንተኛ እናጠፋዋለን። ዋይፋዩን በኋላ ላይ በትንሽ ኮንቨርተር ቀጥታ ከባትሪው አገናኘሁት፣ እሱም ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ኢንቨርተር አይፈልግም።

ፓኔሉን ግን አትግዙት። ቢያንስ እንደኔ በረንዳ ላይ የምታቆሙት ከሆነ። የኛ በረንዳ ወደ ደቡብ ያያል፣ ሻጩም "ደቡብ ምርጥ ነው" አለኝ፣ ኢንተርኔት ላይም እንደዛ ይላል፣ ለፈረንጅ ሀገር ነው እሱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው፣ ማለትም መብራት በሚሄድበት ሰሞን ፀሐይዋ ከህንፃው ጀርባ ናት፣ ደመናው ደሞ በላዩ። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ 150 ዋት ሰዓት ካገኘሁ እልል ነው፣ ታህሳስና ጥር ላይ ግን ከ600 በላይ ይሰጠኛል፣ ያኔ ደሞ መብራት ብዙም አይሄድም። ጣሪያ ያለው ሰው ሌላ ነገር ነው። እኛ ባትሪውን የምንሞላው ከግድግዳ ነው፣ ከባዶ ሙሉ ለማድረግ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፣ ታሪፉ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሩብ አመቱ ከፍ እያለ ቢሆንም ይሄ ካርዱ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም።

ካርዱን የሚበላው ምጣድ ነው። እዚ ጋ ነው እናቴ ልክ የሆነችው። ምጣዳችን 3500 ዋት ነው፣ ኢንቨርተሬ ሶስት ተኩል እጥፍ ቢሆን እንኳ አንድ ሊጥ ጋግሮ ለመጨረስ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ አራት አምስት ባትሪ ማለት ነው። መብራት መሄድ የኛን ቤት ኪስ የሚጎዳው በጨለማ ሳይሆን በእንጀራ ነው። ባለፈው አመት ሐምሌ እናቴ አብሲት ጥላ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊሰማ ሲል ድርግም። አንድ ቀን ተኩል አልመጣም፣ ሊጡ ኮምጥጦ አፍ አላስገባ አለ፣ ለአንድ ሳምንት ከሱቅ አንዱን እንጀራ በ25 ብር ስንገዛ ከረምን፣ ለአምስት ሰው አስቡት። እኔ በዛ ሰዓት ቁጭ ብዬ ዩቲዩብ እያየሁ ነበር፣ በባትሪው። ያየችኝ አስተያየት አይረሳኝም።

ከዛ በኋላ ያደረግነው፣ ቡሆውን አሳንሶ በሳምንት ሁለቴ መጋገር፣ እሱም ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ያኔ ቮልቴጁም ደህና ነው፣ ምጣዱ ቶሎ ይሰማል። ለወጥ ደሞ ላቀች ምድጃ ገዛን፣ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባላል፣ እኛም ቤት ከሰሉ ቆይቷል። በረንዳ ላይ ብቻ ነው የምናነደው፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ይሄ ሁሉ ከባትሪው ሃያ እጥፍ ባነሰ ብር የሆነ ነገር ነው።

ነሐሴ 2017 ላይ ትራንስፎርመሩ ፈነዳና ሶስት ቀን ሙሉ ጠፋ። መጀመሪያ ቀን ጀግና ነበርን፣ ፎቁ በሙሉ ስልክ ይዞ መጣ፣ ዲቫይደሩ ላይ አስራ አንድ ስልክ ቆጠርኩ፣ እናቴ ቡና አፈላች፣ ሰርግ መሰለ። ሁለተኛው ቀን ባትሪው አለቀ፣ ዝናብ፣ ፓኔሉ ዜሮ። ከታች ያለው ጎረቤት ጄኔሬተር አለው ግን ቤንዚን ሊትሩ ከ2017 ገና ማግስት ጀምሮ 100 ብር አልፎ ነበር፣ እሱንም ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚያስነሳው፣ ልለምነው አልፈለግኩም። ባትሪውን ፈትቼ በፌስታል ጠቅልዬ፣ 11 ኪሎ አልኳችሁ አይደል፣ በታክሲ የባለቤቴ ወንድም ቤት ወሰድኩት፣ እነሱ ሰፈር መብራት ነበረ። በትንሽ ቻርጀር አምስት ሰዓት ፈጀ፣ ምሳ በላሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ኳስ አየሁ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ምንድነው?" ሲለኝ "መብራት ነው" ስለው አላመነኝም።

ብር አተረፈ ወይ ለምትሉ፣ አላተረፈም። ለሻማ፣ ለሞባይል ዳታ፣ መብራት ሲሄድ ካፌ ሄጄ ስሰራ ለማወጣው ማኪያቶ በወር 2 ሺ ያህል ቀንሶልኛል፣ በዚህ ሂሳብ 70 ሺውን ለመመለስ ሶስት አመት ሊሞላ ነው። የኔ ስራ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ አንድ ቀን መቅረት ዋጋ አለው፣ ለዛ ነው የማልጸጸተው። ስራው ቤት ያልሆነ ሰው ግን ባለ 30 አምፒር ትንሽ ባትሪ፣ ሁለት የሚቻርጅ አምፖልና ጄሪካን ይበቃዋል፣ የተረፈውን ጤፍ ይግዛበት።

ከካውያው በኋላ ትልቁ ልጄ ወረቀት ላይ "የማይሰካ፦ ካውያ፣ ምድጃ፣ ፀጉር ማድረቂያ" ብሎ ጽፎ ሳጥኑ ላይ ለጥፎት ነበር። ባለፈው ሳየው ከስር በሌላ እስክሪብቶ "ምጣድ (አይችልም)" የሚል ተጨምሯል። ማን አጻፈህ ስለው ወደ ጓዳ እያየ ሳቀ።