የኤችቲኤምኤል «ነምበር» ኢንፑት ለሙሉ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

የድረ ገጽ ፎርም የሚሠራ ሰው የዕቃ ብዛት ወይም ዕድሜ የሚሞላበት ሳጥን ሲያዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመርጠው የኤችቲኤምኤልን (ድረ ገጽ የሚዋቀርበትን ቋንቋ) የነምበር ኢንፑት፣ ማለትም ቁጥር የሚሞላበትን ሳጥን ነው። አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት (በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ሳይጻፍ ብዙ ሥራ ስለሚያቃልል ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁን እንጂ ሙሉ ቁጥር ብቻ መቀበል ግዴታ በሆነበት ፎርም ላይ በዚህ ኢንፑት ብቻ መተማመን አይገባም እላለሁ፤ ትልቁ ጉድለቱ ተጠቃሚው የጻፈውን ከኮዱ መደበቁ ነው።

በጎ ጎኑን ላስቀድም። በተፈቀዱት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርምጃ የሚወስነው ስቴፕ የተባለው አትሪቢዩት (የሳጥኑ መቼት) ሳይጠቀስ ሲቀር ዋጋው 1 ስለሚሆን፣ ተጠቃሚው 2.5 ጽፎ ፎርሙን ለመላክ ሲሞክር ብራውዘሩ ራሱ ያስቆመዋል፤ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር የሚወስኑት ሚን እና ማክስ ሲጨመሩለትም ከወሰን የወጣውን ይመልሳል። በስልክ ላይ ለቁጥር የሚመች ኪቦርድ ማምጣቱም ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የስቴፕ ቆጠራ የሚነሣው ከሚን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሚን 0.5 ተብሎ ከተጻፈ 1.5 እና 2.5 ያልፋሉ፣ ሙሉ ቁጥር የሆነው 2 ግን ስሕተት ተብሎ ይመለሳል።

ችግሩ የሚጀምረው የተጻፈው ነገር ቁጥር ሳይሆን ሲቀር ነው። ተጠቃሚው 12 ከጻፈ በኋላ ሳያስበው የላቲኑን «ኢ» (e) ነካ እንበል። ጽሑፉ በሳጥኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ጃቫስክሪፕት የሳጥኑን ቫልዩ (የተሞላውን ዋጋ) ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ባዶ ነው። ስለዚህ ባዶነትን ብቻ የሚመረምር ኮድ «እባክዎ ይህን ቦታ ይሙሉ» ይለዋል፤ ሳጥኑን ለሞላ ሰው ከዚህ የበለጠ ግራ የሚያጋባ መልእክት የለም። ባድኢንፑት የተባለው የቫሊዲቲ (የትክክለኛነት) ምልክት የገባው ነገር ቁጥር አለመሆኑን ቢያሳውቅም ምን እንደተጻፈ አይናገርም፤ በመሆኑም «ከቁጥሩ ጋር ፊደል ገብቷል» የሚል ጠቃሚ ማሳሰቢያ ለማዘጋጀት አያስችልም። በአንጻሩ በ1 እና በ3 መካከል ያው «ኢ» ሲገባ (1e3)፣ በሳይንሳዊ አጻጻፍ 1 በ10 ሦስተኛ ኃይል ተባዝቶ ማለት ስለሆነ፣ ኢንፑቱ 1000 ማለት እንደሆነ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። የጽሑፉን ርዝመት የሚገድበው ማክስሌንግዝ እና የአጻጻፉን ቅርጽ የሚወስነው ፓተርን ደግሞ በዚህ ኢንፑት ላይ ፈጽሞ አይሠሩም። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማውስ ጎማ ነገር ነው፤ በአንዳንድ ብራውዘሮች ተጠቃሚው ሳጥኑን እንደመረጠ ገጹን ወደ ታች ለማውረድ ጎማውን ሲያሽከረክር ቁጥሩ ሳይታወቀው ይለወጣል። አዲሱ ቁጥርም ሙሉ ቁጥር ስለሆነ የትኛውም ማረጋገጫ አይዘውም።

ጃቫስክሪፕት የሚያቀርባቸው መሣሪያዎችም በየፊናቸው ክፍተት አለባቸው። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው ፓርስኢንት ከ12 ቀጥሎ ፊደላት ቢመጡ ፊደላቱን ጥሎ 12 ይመልሳል፤ 3.9ንም 3 ያደርገዋል። የተጠቃሚውን ስሕተት ከማሳየት ይልቅ በዝምታ ስለሚያልፈው ለማረጋገጫ ሥራ አልመክረውም። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ነምበር የተባለው ፋንክሽን ጠበቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ባዶ ጽሑፍንና ክፍት ቦታን ወደ 0 ይለውጣል፣ ይህም ምንም ያልጻፈን ሰው ዜሮ እንደጻፈ ያስቆጥረዋል። በኤክማስክሪፕት 2015 (በጃቫስክሪፕት መመዘኛ የ2015 እ.ኤ.አ. እትም) የመጣው፣ ሙሉ ቁጥር መሆኑን የሚመረምረው ነምበር.ኢዝኢንቲጀር ሥራውን በትክክል ይሠራል፣ ግን የሚመረምረው ቁጥርን ብቻ ነው፤ ከሳጥን የሚመጣው ቫልዩ ጽሑፍ ስለሆነ ሳይለወጥ ከተሰጠው ሁልጊዜ ሐሰት ይላል። ጃቫስክሪፕት በትክክል ሊይዛቸው በማይችል በጣም ትልልቅ ቁጥሮች ላይ ደግሞ እሱም አይበቃም። 9007199254740993 የሚለው ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲለወጥ መጨረሻው 2 ይሆናል፣ ኢዝኢንቲጀርም ያሳልፈዋል። ኢዝሴፍኢንቲጀር ግን ከ9007199254740991 በላይ ያለውን ስለማይቀበል የተሻለ ጠባቂ ነው።

ስለዚህ የምመርጠው ተራውን የቴክስት ኢንፑት ወስዶ ኢንፑትሞድ ኑሜሪክ የሚለውን አትሪቢዩት መጨመር ነው። የስልኩ የቁጥር ኪቦርድ አይቀርም፣ የተጻፈውም ሳይሸራረፍ ኮዱ እጅ ይገባል። የእንግሊዝ መንግሥት የድረ ገጽ ዲዛይን ቡድንም በ2020 እ.ኤ.አ. ለሙሉ ቁጥር ወደዚሁ መንገድ ዞሯል። ጽሑፉ ከዳርና ከዳር ያለው ክፍት ቦታ ከተወገደለት በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ0 እስከ 9 ያሉ አሃዞች ብቻ የያዘ መሆኑ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍን ቅርጽ በሚመረምር ቀመር) ይመረመራል፤ ወደ ቁጥር የሚለወጠውና ወሰኑ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች የሚፈቀዱ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በአንዳንድ ስልኮች የኑሜሪክ ኪቦርድ የመቀነስ ምልክት የለውም።

የስሕተት መልእክቱ የሚወጣበት ጊዜም ከምርመራው አያንስም። በእያንዳንዱ የቁልፍ ምት መመርመር -5 ሊጽፍ የጀመረውን ሰው ገና የመቀነስ ምልክቱ ላይ ተሳሳትክ ማለት ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ከሳጥኑ ሲወጣ ወይም ፎርሙን ሲልክ መመርመሩ ይሻላል። የፎርሙ ሠሪ የራሱን የስሕተት መልእክት በሚያስቀምጥበት በሴትከስተምቫሊዲቲ የተሰጠ መልእክት ደግሞ ስሕተቱ ሲታረም በባዶ ጽሑፍ ካልተተካ ፎርሙ ተዘግቶ ይቀራል።

የስልክ ቁጥርና የባንክ ካርድ ቁጥር በነምበር ኢንፑት ፈጽሞ መሞላት የለባቸውም፤ አይደመሩም፣ አይቀነሱም፣ ወደ ቁጥር ሲለወጡም ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ምርመራ በብራውዘር ውስጥ ለተጠቃሚው ምቾት የሚደረግ ሲሆን፣ ጃቫስክሪፕትን ማጥፋት ወይም ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ሰርቨር መላክ ለማንም ቀላል ስለሆነ፣ ያው ምርመራ በሰርቨሩ በኩል እንደገና መደረግ አለበት።