ጥቁሩን ስክሪን ላበራችልኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያን በሰው ፊት ለማመስገን ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም፤ ሥራዋን ሳልናገር መቅረት ግን አልቻልኩም። የድሮ የጽሑፍ ጨዋታ ቢቢኤስ ላይ ለመትከል የምትታገሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እናንተ እንዳታባክኑ።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ቢቢኤስ ማለት ቡለቲን ቦርድ ሲስተም ነው። ድረ ገጽ የሚባል ነገር ሳይኖር አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር ያገናኝና ሌሎች በሞደም እየደወሉ ይገቡ፣ መልእክት ይተዉ፣ ፋይል ይለዋወጡ ነበር። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ ውስጥ፣ ከባድ በረዶ ጥሎ ሰው ከቤት መውጣት ባቃተው ሰሞን ጀምረው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ከፈቱት። አስተዳዳሪው ሲሶፕ ይባላል። እኔ ያኔ ደዋይ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ለድሮ የጨዋታ ጓደኞቼ ብዬ አንድ ትንሽ ቢቢኤስ ከፍቼ ሲሶፕ ሆኛለሁ። ሞደሙ ቀርቷል፤ የሚገባው በኢንተርኔት፣ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ በሚያገናኘው በቴልኔት ነው።

ጓደኞቼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ድራገኑን መልስልን»። ሌጀንድ ኦፍ ዘ ሬድ ድራገንን ማለታቸው ነው፤ ሴዝ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈው፣ ከፊደልና ከቀለም በቀር ሌላ ምንም የሌለው የሚና ጨዋታ። ጫካ ገብተህ ትዋጋለህ፣ ወርቅ ትሰበስባለህ፣ መሣሪያ ትገዛለህ፣ በየደረጃው አስተማሪህን ትገጥማለህ፤ 12ኛ ደረጃ ላይ ስትደርስ ቀዩን ድራገን ፍለጋ ትወጣለህ። ማደሪያ ቤቱ ውስጥ ክፍል ሳትከራይ ሜዳ ላይ ከተኛህ ሌላው ተጫዋች በእንቅልፍህ መጥቶ ሊገድልህ ይችላል። በቀን የሚፈቀድልህ ውጊያ የተወሰነ ነው፤ ሲያልቅ ነገን መጠበቅ ነው። ብዙዎቹ ቢቢኤሶች አንድ የስልክ መስመር ብቻ ስለነበራቸው አንዱ ሲገባ ሌላው ይጠብቃል፤ ስለዚህ ተራው አጭር መሆኑ ለሁሉም ጠቀመ። ለእኛ ግን ሌላም ነገር ሰጠን። ቀኑን ሙሉ «ማን ገድሎኝ ይሆን?» እያልን እንድንውል አደረገን።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ለመትከል ነው መከራዬን ያየሁት።

መጀመሪያ ሥራውን የሰጠሁት ለሌላ ሰው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ «ነገ ያልቃል» ሲለኝ ቆይቶ በመጨረሻ «ይህ በዛሬ ኮምፒውተር አይሠራም፣ አሮጌ ማሽን ግዛ» ብሎኝ ሄደ። ክፍያውን ወስዷል። በእርግጥ ጨዋታው እኔው ፊት ሲከፈት ይሠራል፤ ሰው ከውጭ ሲገባ ግን ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኞቼ በየማታው ይገባሉ፣ ጨዋታውን ይመርጣሉ፣ ጨለማ ያያሉ፣ ይወጣሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰላም የሚለኝም ጠፋ።

ይቺን ልጅ ያገኘኋት በሰው በሰው ነው። ሞደም ሲጮህ ሰምታ አታውቅም፤ ጨዋታው ሲጻፍ አልተወለደችም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሆዴ ተጠራጥሮ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ምንም ነገር አልነካችም፤ መጠየቅ ብቻ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስንት ቢት ነው? የቢቢኤሱ ሶፍትዌር የትኛው ነው? ጨዋታው የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው? ጥቁሩ ስክሪን ለሁሉም ነው ወይስ ለአንዳንዱ? ከዚያ «ጋሼ፣ ዛሬ የጨዋታውን መመሪያ አነባለሁ፣ ነገ እንጀምራለን» ብላ ተሰናበተችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያን መመሪያ ከፍቶ ያነበበ ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ችግር አስረዳችኝ። ጨዋታው የተሠራው ዶስ ለሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ 16 ቢት ፕሮግራም ነው። የእኔ ዊንዶውስ 64 ቢት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በራሱ አያስኬድም። ያ የፊተኛው ሰው ለዚህ ብሎ አንድ ማስመሰያ (የድሮ ማሽን መስሎ ፕሮግራሙን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ላዩን ለጥፎበት ሄዷል። እሷ ሦስት መንገድ አቀረበችልኝ፦ 32 ቢት ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ መጫን፣ ማስመሰያውን በደንብ አስተካክሎ መቀጠል፣ ወይም ቢቢኤሱን ሊኑክስ ወደሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አዛውሮ ዶሱን ዶስኢሙ በሚባለው የሊኑክስ ማስመሰያ ማስኬድ። የእያንዳንዱን ጥሩና መጥፎ ጎን ነገረችኝ። 32 ቢቱ ቀላል ነው፤ ግን ዊንዶውስ 11 32 ቢት ስለሌለው መንገዱ እየተዘጋ የሚሄድ ነው። ሊኑክሱን መረጥን። የቢቢኤሱ ሶፍትዌር ሲንክሮኔት ስለሆነ በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ የአባላቱ ዝርዝርና መልእክቱ ሳይጠፋ ተዛወረ።

ጥቁሩ ስክሪን ግን ሊኑክስ ላይም ተከተለን። የልጅቷን ችሎታ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ከቢቢኤሱ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ቢቢኤሱ በር ከፍቶ ተጫዋቹን ወደዚያ ስለሚያሻግር ዶር ጌም ይሉታል። ሲያሻግረው ደግሞ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ ድሮፕ ፋይል ይባላል። ጨዋታው ማን እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደመጣና ስንት ደቂቃ እንደቀረው የሚያውቀው ከዚያ አንብቦ ነው። የእኛው ዓይነት ዶር ሲስ የሚባለው ሲሆን 52 መስመር አለው። በቀላል የጽሑፍ ማረሚያ አስከፈተችኝና «መስመር በመስመር ያንብቡልኝ» አለችኝ። አንደኛው መስመር ላይ «ኮም 0» ይላል። «ቆይ» አለችኝ። «ኮም 0 ማለት ተጫዋቹ ከውጭ አልመጣም፣ እዚሁ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል ማለት ነው። አሥረኛው መስመር ላይ የማን ስም አለ?» አየሁት። የእኔው ስም ነው። ከወራት በፊት ጨዋታውን ብቻዬን ስሞክር የተጻፈ ፋይል ጨዋታው ፎልደር ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። ቢቢኤሱ ለእያንዳንዱ ሰው አዲሱን ፋይል በትክክል እየጻፈ በኖዱ (ኖድ ማለት አንድ ተጫዋች የሚገባበት መስመር ነው) ፎልደር ያስቀምጣል፤ ጨዋታው ግን እዚያ አይሄድም፣ አሮጌውን ያነባል። ስለዚህ ጓደኛዬ በገባ ቁጥር ጨዋታው ሥዕሉን ማንም ለማያየው ስክሪን ይስል ነበር። ለሁለት ወር አልሠራም የተባለው ጨዋታ በየማታው ይሠራ ነበር፤ እኛ ባለንበት በኩል አይደለም እንጂ።

አሮጌውን ፋይል አጠፋን፤ በጨዋታው ማዋቀሪያ ውስጥ ትክክለኛውን ፎልደር ጻፍን፤ የጨዋታውን የሞደም ንግግር ተቀብሎ ወደ ቴልኔቱ የሚያሻግረው ፎሲል ድራይቨርም እንዲጫን አደረገች። ከዚያ እኔ ከስልኬ ገባሁ። ቀዩ ጽሑፍ ቀስ ብሎ ሲወርድ እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

እዚህ ላይ አልቋል ብዬ ነበር። እሷ ግን «ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባስ?» አለች። አንድ ጓደኛዬን ጠራን። እኔ ገብቼ ሳለሁ እሱም ገባ፤ የገባው ግን በእኔ ገጸ ባህሪ ሆኖ ነው። ወርቄም ሰይፌም በእጁ! የሁለተኛው ኖድ ማዋቀሪያ የአንደኛውን ኖድ ድሮፕ ፋይል እንዲያነብ ተደርጎ ነበር። ይህ ዝም ብሎ ቢታለፍ አንዱ የሌላውን ድካም እያጠፋ ስንጣላ እንከርም ነበር። ለእያንዳንዱ ኖድ የራሱን ፎልደር ሰጠችው፤ ጨዋታውን በሚያስነሳው ትእዛዝ ላይም የኖዱ ቁጥር በራሱ እንዲተካ አደረገች። ከዚያ ሁለታችንን ግማሽ ሰዓት በአንድ ላይ አጫወተችን፤ ሁለቱም ገጸ ባህሪዎች በትክክል መቀመጣቸውን ሳታረጋግጥ ለሌሎቹ እንዲከፈት አልፈቀደችም።

የሳጥን መስመሮቹ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ይታዩ የነበረው ቀላል ነገር ሆነ። ጨዋታው የሚጠቀመው ኮድ ፔጅ 437 የሚባለውን የድሮ ባለ 256 ፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ የዛሬ ተርሚናል (የጽሑፍ መስኮት) ደግሞ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን አዲሱን የፊደል አሠራር ነው የሚጠብቀው። ተጫዋቾቹ የድሮውን ሰንጠረዥ የሚያውቀውን ሲንክተርም የሚባል የመግቢያ ፕሮግራም እንዲጠቀሙ አጭር መመሪያ ጻፈችልን፣ አለቀ።

ስለ ደህንነት የነገረችኝን ግን ሲሶፕ የሆነ ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ የሚተላለፈውን የሚያመሰጥረውን ኤስኤስኤችንም ከጎኑ ከፈተችልኝ፤ ተጫዋቾቹም ሌላ ቦታ የሚጠቀሙበትን ቃል እዚህ እንዳይደግሙ አስነገረችኝ። የቴልኔት መግቢያ በሆነው ፖርት 23 ላይ ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አሉ፤ ሎጉን፣ ማለትም የገቢዎቹን መዝገብ፣ ስታሳየኝ ደነገጥኩ። ደጋግሞ የሚሳሳት እንዲታገድ አደረገች። ሌላው ደግሞ ዶር ሲስ ፋይል 14ኛ መስመሩ የይለፍ ቃል ቦታ ነው፤ «እርዱኝ» ብላችሁ ለማታውቁት ሰው ስትልኩ መጀመሪያ ያን መስመር ተመልከቱ። እኔ ለፊተኛው ሰው ስንት ጊዜ እንደላክሁለት ሳስብ ይዘገንነኛል።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም ነበር። እኔ የቀኑን የውጊያ ብዛት ላበዛው ፈልጌ ነበር፤ ዛሬ የስልክ መስመር የሚጠብቅ ሰው የለም ብዬ። እሷ መመሪያውን አንብባ «ጋሼ፣ ካበዙት አንድ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው በሳምንት ድራገኑን ይገድልና ሌሎቹ ይሰለቻሉ፤ መጀመሪያ አንድ ወር እንዳለ ይሞክሩት» አለችኝ። ሰማኋት። ትክክል ነበረች፤ ዘጠኙም ተጫዋቾቻችን እስካሁን በየቀኑ ይገባሉ። ማሽኑ በሌላ የሰዓት ክልል ተዋቅሮ ስለነበር አዲሱ ቀን በቀትር ይጀምር የነበረውንም ያስተካከለችው በዚሁ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ማታ ያደረገችውን አልረሳውም። ባክአፕ በየሌሊቱ እንዲወሰድና የሰባት ቀን ቅጂ እንዲቀመጥ አድርጋ ነበር። «እንዴት አውቃለሁ እንደሚሠራ?» አልኳት። ተጫዋቾቹን በሙሉ የያዘውን ፕሌየር ዳት የሚባለውን ፋይል ዓይኔ እያየ አጠፋችው። ልቤ ቆመ። «አሁን እርስዎ ይመልሱት» አለችኝ። የጻፈችልኝን ማስታወሻ ይዤ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በአራት ትእዛዝ መለስኩት። ስገባ ሁሉም በቦታው አለ። ማስታወሻው ሁለት ገጽ ነው፤ የትኛው ፎልደር ምን እንደሆነ፣ ጥቁር ስክሪን ከመጣ መጀመሪያ የት እንደሚታይ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ከዜሮ እንዴት እንደሚተከል በተራ አማርኛ የተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ችግር ገጥሞኝ ሳልደውልላት ራሴ ፈትቼዋለሁ።

ለምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ልንገራችሁ። ቀን መደበኛ ሥራ ስላላት የምትሠራው ማታና ቅዳሜ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ለሚፈልግ አትሆንም። ጨዋታውም በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ካልሆነ አትነካውም፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንዱ እሱን ነው። ዋጋዋን ሥራውን ካየች በኋላ በግልጽ ተናግራ ከዚያ ሳትጨምር ነው የጨረሰችው። ስታናግሯት የኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁን ዓይነት፣ የቢቢኤሱን ሶፍትዌር፣ የጨዋታውን ቅጂና ችግሩ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ይዛችሁ ቅረቡ። ማንኛውንም ነገር ከማስነካታችሁ በፊት የጨዋታውን ፎልደር በሙሉ ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስቀድሜ ጠይቄያት ፈቅዳለች፣ አገናኛችኋለሁ።

አንቺም ይህን ታነቢ ይሆናል። እጅሽ ይባረክ። ትናንት ማታ ከጓደኞቻችን አንዱ 12ኛ ደረጃ ገባ፤ ዛሬ ድራገኑን ሊገጥም ነው፣ ሁላችንም ሌሊቱን እየጠበቅን ነው።