ዱባይ ኢንተርንሺፕ በኤጀንሲ፦ ለቢሮው አንድ ኮከብ፣ ለወጥ ቤቱ አራት ተኩል

ጎንደር ውስጥ ቱሪዝም ወይም ሆቴል ማኔጅመንት የተማረ ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በኤጀንሲ ዱባይ ኢንተርንሺፕ መሄድ ያዋጣል?» በ2016 ዓ.ም. ሄጄ ስለተመለስኩ ነው። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይለይለት። የላከኝን ቢሮ ስም አልጠራም፤ ሆቴሉንም አልጠራም። ቢሮዎቹ ስማቸው ቢለያይም የሚሸጡት ያንኑ ነው።

ከቢሮው ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። «የሥልጠና ፓኬጅ» ብለው ይቀበሏችኋል። በውስጡ ቪዛ፣ ትኬትና «የሥነ ልቦና ዝግጅት» አለበት፤ ዝግጅት የተባለው ፕሮጀክተሩ እንቢ ያለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዳ መቀበያ ትመደቢያለሽ ብለውኝ ስደርስ የተጻፈልኝ ወጥ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ብደውል «እዚያው ጠይቂያቸው» አሉኝ። ይባስ ብለው ሽንኩርት ስከትፍ የተነሳሁትን ፎቶ ገጻቸው ላይ «በእንግዳ አቀባበል ሥልጠና ላይ» ብለው ለጥፈውታል፤ ነጭ ኮፍያዬ እንኳ በግልጽ ይታያል።

ልብ በሉ፦ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድን ሰው በተመለከተ የእኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ የሚጥለው አሠሪው ላይ ነው፤ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ደግሞ በተጓዡ። የኤምሬትስ የ2021 የሠራተኛ ሕግም (በፈረንጅ አቆጣጠር) አሠሪ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ቢሮዎቹ ግን «ይሄ ሥራ ሳይሆን ልምምድ ነው» እያሉ በመሃል ሾልከው ያልፋሉ። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የምትመደቡበትን ክፍል፣ ማደሪያውና ምግቡ በማን እንደሆነ፣ የኪስ ገንዘቡንም በድርሃም ውሉ ላይ አስጽፉ። በብር የሚነገራችሁን አትመኑ፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር የተሰላ ተስፋ ሁሉ ፈርሷል። ድርሃም ግን ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

ወጥ ቤቱ ሌላ ታሪክ ነው።

ፊሊፒኖ፣ ሕንዳዊ፣ ኔፓላዊ፣ ፓኪስታናዊ፣ ኬንያዊ፣ ግብጻዊ አንድ ምድጃ ዙሪያ ይሠራል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ ሲጣደፉ ግን በዐረብኛ «ያላ» (ቶሎ በሉ) እና «ኻላስ» (በቃ) ነው። እኛ አገር አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? የመጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ ስመልስ ፊሊፒኖዋ ሱፐርቫይዘሬ ትን ያለኝ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች። ሽንኩርት በእጅ ይዞ መክተፍም የለም፤ መክተፊያው በቀለም ተለይቷል፦ ቀይ ለጥሬ ሥጋ፣ ሰማያዊ ለዓሣ፣ አረንጓዴ ለአትክልት። ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ በታች መሆኑ በየሰዓቱ ይመዘገባል። ይህን በደብተር ተምሬው ነበር፤ እጄ የለመደው ግን እዚያ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ዝምታዬ ነው። ጎንደር ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ያልጠየቀ ሰው ያልገባው ወይም ሥራው ግድ ያልሰጠው ተደርጎ ይታያል። ሼፉ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ «ሼፍ፣ ይሄ ልክ አይደለም» እንድለው ይጠብቅ ነበር። እያልኩት መጣሁ፤ አገር ቤት ስመለስ እናቴ «ምነው አፍሽ ሰላ?» አለችኝ።

ካንቲኑን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2016 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን ነው፣ መጋቢት 2። ፊሊፒኖዎቹ ካቶሊኮች ስለሆኑ የእነሱም ጾም አልወጣም ነበር። የካንቲኑ ምስር በቅቤ ይቁላላል፤ ለእኔ የሚሆን አልነበረም። ከሕንዷ ኬረላ የመጣው ምግብ አብሳይ ግን ሳልነግረው በኮኮናት ዘይት የተሠራ ምስር ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ለይቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ለካ የማላንካራ (የሕንድ) ኦርቶዶክስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛዋ ጋር በሃይማኖት አንድ ናት፣ እነሱም በዐቢይ ጾም ሥጋም ወተትም አይነኩም። ማታ ፓኪስታናዊው ባልደረባችን ሲያፈጥር ቴምሩን ያካፍለናል። ከዚያ ሁሉም በየተራው ፈሰከ፤ ፊሊፒኖዎቹና ኬረላዊው (የእሱም ፋሲካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) መጋቢት 22፣ ሙስሊሞቹ ሚያዝያ 2። እኔ እስከ ሚያዝያ 27 ብቻዬን ከሽምብራ ጋር ቀረሁ። ኬረላዊው የራሱ ጾም ካበቃ በኋላም ምስሬን ለይቶ ማስቀመጡን አልተወም። አራት ተኩሉ ኮከብ በዋነኛነት ለእሱ ነው።

ግማሿን የቀነስኩት በማደሪያው ነው። ወጥ ቤት የተደባለቀው ሰው ማታ በየአገሩ ይበተናል፤ ክፍል የሚደለደለው በዜግነት ነው። ሐበሻ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከሁለት ኬንያውያንና ከአንዲት ኡጋንዳዊት ጋር «አፍሪካ» ብለው አስገቡኝ። (ለጎንደር ልጅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ የከተማችን አዲስ ዓለምም በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞቹ ተለይተው የሰፈሩበት ሠፈር ነው።) ኬንያውያኑ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ)፣ እኔ ሽሮ እየሠራን በደንብ ኖርን። እንጀራ ሲያምራችሁ ዴይራ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ በሜትሮ ትደርሳላችሁ፣ ለኪስ ገንዘብ ግን ውድ ነው። በርበሬና ሽሮ ከቤት ያዙ።

ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ፦ ልምምዱ አዎ፣ ቢሮው አያዋጣም። ትልልቆቹ ሆቴሎች የልምምድ ቦታ በራሳቸው ድረ ገጽ ያወጣሉ፤ የሚፈልጉት የትምህርት ቤት ደብዳቤና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲቪ ነው። ከእኔ በታች የተማረች፣ ከጎንደር ማራኪ የሆነች አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት በቀጥታ ጽፋላቸዋለች። መልስ ሲመጣላት እዚሁ እጨምርበታለሁ።