ታይገርን ለማጥናት፦ ካሜራ ወይስ የአንገት ማሰሪያ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ነብር የምንለው ባለ ነጠብጣቡን ነው። እዚህ የማወራው ስለ ባለ መስመሩ፣ ስለ እስያው ታይገር ነው።

ካሜራው ከዛፍ ግንድ ጋር፣ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ይታሰራል። እንስሳው ሲያልፍ ራሱ ያነሳዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የሚታሰረው በምክንያት ነው፤ የታይገር የግራና የቀኝ ጎን መስመሮች አይመሳሰሉም። የእያንዳንዱ መስመርም እንደ ጣት አሻራ ከሌላው ይለያል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ቆጠራዋ በ26,838 ቦታዎች ካሜራ አስራ 2,461 ታይገሮችን አንድ በአንድ ለይታለች። ያውም አንዱንም ሳትነካ! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

በማሰሪያው ግን እንስሳው መጀመሪያ በማደንዘዣ መርፌ ይተኛል። ያኔ ይመዘናል፣ ርዝመቱ ይለካል፣ ጥርሱ ይታያል። ፎቶ ኪሎ አይነግርም። ሬዲዮ ያለው ማሰሪያ አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላ ደግሞ የት እንደሚውልና እንደሚያድር ይታወቃል። በኔፓል ቺትዋን ለአንዲት ሴት ታይገር 20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃታል። በሩሲያ ሲኮቴ አሊን ግን ወደ 400 ያስፈልጋታል፤ እዚያ የሚታደን እንስሳ ሳሳ ብሎ ነው የሚገኘው።

ማደንዘዣ አደጋ አለው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ናቸው?» ከሆነ ያለ ማመንታት ካሜራውን እመርጣለሁ። ማሰሪያውን የምደግፈው መጠናቸውንና ኑሯቸውን ማወቅ የግድ ሲሆን፣ ያውም በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው።