ምስጋና ለተክለሃይማኖቱ ጋሼ፣ ጥቆማ ለባለ ቮልሶች

ተክለሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሰው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውን በአደባባይ ለማመስገንና አሮጌ መኪና ላላችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ግን አላወጣም። ላውጣ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ስልኬን ከለጠፍከውማ ዕቃ ልሽጥ ወይስ ስልክ ሳነሳ ልዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ሱቁን አመላክታለሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነው የምውለው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱታዬን ለብሼ ከቮልሴ ሥር አልወጣም። እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ 1500። «ለምን ጋራዥ አታስገባትም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የፈለግኩት ከቤት ቢሮ መመላለስ ብቻ ቢሆን ቪትዝ ይበቃኝ ነበር። ደስ የሚለኝ መፍታቱና መግጠሙ ነው። ሰኞ ጠዋት ጥፍሬ ሥር ግራሶ ከሌለ ባልደረቦቼ «አመመህ እንዴ?» ይሉኛል።

የሚያማርረኝ ዕቃ ግዢው ነው። አንዱ ሱቅ ትገባላችሁ። ልጁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቲክቶክ ያያል። ሰላምታችሁን አይመልስም። «የቮልስ ፍሪሲዮን አለ?» ስትሉት ቀና ሳይል «የለም» ይላል። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ግን የቮልስ ምልክት ያለበት ካርቶን ይታያችኋል። «ያ ምንድን ነው ወንድሜ?» «እሱ ውድ ነው።» ስንት ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ «ትገዛለህ?» ነው መልሱ። ሌላው ጋ ሁሉም ዕቃ ኦርጅናል ነው፣ ሁሉም የጀርመን ነው፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን። ስትጠራጠሩ ይቆጣል።

ከሁሉ የምታበሽቀኝ ግን «መካኒክህን ላክ» የምትለዋ ናት። ይህቺ ንቀት ብቻ እንዳትመስላችሁ፣ ሒሳብ አላት። ብዙ ሱቅ ዕቃ ለሚያስገዛ መካኒክ ኮሚሽን ይከፍላል። መካኒኩ ነገም ከነገ ወዲያም የሌላ ሰው መኪና ይዞ ይመለሳል። እኔ አንዲት ጎሚኒ ገዝቼ ጥያቄ የማዥጎደጉድ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ ራሴ ስለምገዛ ዋጋው ላይ የኮሚሽን ጭማሪ የሚሸጎጥበት ቀዳዳ የለም። የራሱን መኪና የሚነካካ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ራስ ምታት ነው።

ለሻጮቹም ትንሽ ልከራከርላቸው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሸጡበት ብር ነገ ያንኑ ዕቃ መልሶ ላያስመጣ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዋጋ እየጠየቀ የሚሄድ ሰው ያሰለቻል። ይገባኛል። መሰልቸትና ሰውን ማዋረድ ግን ለየቅል ናቸው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዕቃ አይቶ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ስለነበር ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ይህን ለባለ ቲክቶኩ ልጅ ባነብለት ጓደኞቹን ጠርቶ ሙድ ያሲዝብኝ ነበር።

«የቮልስ ዕቃ ቆሟል፣ ሽጣትና ተገላገል» የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፣ የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ አገር ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ነው። ግን እኮ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እንዲህ ለበዛ መኪና ዕቃ መሥራት ማን ይተዋል? የብራዚሉም የቻይናውም ዛሬም እየመጣ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መጠገን ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። ዕቃው አለ። የጠፋው የትኛው ለየትኛዋ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ከመሸጡ በፊት የሚጠይቅ ሰው ነው።

ቮልስ ከውጭ ለሚያያት ሁሌም ያችው ናት። ውስጧ ግን ሲቀያየር ነው የኖረው። ባለ 6 ቮልት አለች፣ ባለ 12 ቮልት አለች። ጎማዋ በ5 ብሎን የሚታሰር አለ፣ በ4 የሚታሰር አለ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ምን እንደሚያደርጋችሁ ልንገራችሁ።

የነዳጅ ፖምፓዬ ማንጠባጠብ ጀመረና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ስሙ ይቅር። ፖምፓው ሁለት ዓይነት ነው። ዲናሞ ላለው ሞተር የሚሆነው ሌላ፣ አልተርኔተር ላለው ሌላ። ሁለቱም ባትሪ የሚሞሉ ናቸው፣ ዲናሞው የድሮው ነው፣ አልተርኔተሩ የኋለኛው። የኔ ባለ ዲናሞ መሆኗን ለሻጩ ነገርኩት። «ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። ካርቶኑን ክፈትልኝ ስለው «ሳትከፍል አይከፈትም» አለ። ከፈልኩ። ተከፈተ። የአልተርኔተሩ ሆኖ ተገኘ። መልስልኝ ስለው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመኝ። «ገና እኮ ከሱቅህ አልወጣሁም!» አልኩት። «ወረቀቱ ስለ መውጣት አያወራም» አለኝ። እንግዲያው ደረሰኝ ቁረጥልኝ ስለው ደግሞ፣ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው አለ። አፌን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ያንን ፖምፓ ይዤ ነው። የጠቆመኝ ቮልስ ያለው ጎረቤቴ ነው። ሱቋ ጠባብ ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው። ጋሼ ገና ስገባ በርጩማ ሳቡልኝ። ዕቃውን ሳያዩ በፊት የጠየቁኝ ስለ መኪናዋ ነው።

«ሻንሲ ቁጥሯ በስንት ይጀምራል ልጄ?»

«በ118።»

«ስልሳ ስምንት ናታ። ሞተሩ ካልተቀየረ ባለ ዲናሞ ናት።»

ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው እግር ሥር ነው። ቮልስ ያላችሁ ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ጋሼ ዘንድ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል።

ከዚያ ያመጣሁትን ፖምፓ አገላብጠው አዩና መለኪያ ካሊፐራቸውን አወጡ። ፖምፓውን የሚገፋው ዘንግ በባለ ዲናሞው ሞተር 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ በባለ አልተርኔተሩ 100። የኔ ረጅሙ ዘንግ ያንን ፖምፓ ከልኩ በላይ ሊገፋው ነው። ነዳጁ ካርቡራተሩን ያጥለቀልቀዋል፣ አለዚያም ፖምፓው ውስጥ ነዳጁን የሚስበው ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሙ፣ ይቀደዳል። በነዳጅ ነገር ደግሞ ቀልድ የለም፣ ሞተሩ ከታች የጋለ ነው።

አዲስ ይሸጡልኛል ብዬ ስጠብቅ «አሮጌው የት አለ?» አሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሲያዩት ፈገግ አሉ። «ይሄ እኮ በብሎን የሚፈታው ነው። ምን በወጣህ ነው አዲስ የምትገዛው?» ዲያፍራሙን ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው) ሰጡኝ። ዋጋው ከአዲስ ፖምፓ ጋር አይነጻጸርም። ስገጥመው ዘንጉ ከፍ ባለበት ሰዓት ከመቀመጫው 13 ሚሊ ሜትር ወጣ እንዲል፣ ካነሰ ወይም ከበለጠ በጓርኒሲዮን ብዛት እንዳስተካክለው ወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። መካኒክህን ላክ አላሉኝም።

ያ የማይሆነኝ ፖምፓስ? «እዚህ ተወው። ባለ አልተርኔተር ሲመጣ እሸጥልሃለሁ» አሉ። እኔ እዚያው በቃ ብዬ ረስቼዋለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፣ ቴሌብር ገባ። ደወልኩላቸው። «ፖምፓህ ተሸጠ» ብለው ዘጉ። የራሳቸውን ድርሻ እንኳ አልቆረጡም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ አልሄድም። ፍሪሲዮን ስቀይር የሆነውን ልንገራችሁ። የፍሪሲዮን ሸራ ለቮልስ 180 ሚሊ ሜትርም 200 ሚሊ ሜትርም አለ። የኔ 200 ነው። ጋሼ ግን በኔ ቃል ብቻ አላመኑም። «ሰው እኮ ፍላይዊል ይቀያይራል። ጥርሱን ቆጥረህ ና» አሉኝ። ፍላይዊል የፍሪሲዮን ሸራው የሚያርፍበት፣ ዙሪያው ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው። የድሮው ባለ 6 ቮልት 109 ጥርስ ነው፣ ባለ 12 ቮልቱ 130። ቆጥሬ መጣሁ፣ 130 ነው። የሸራውንም ስፋት ለኩልኝ። ከዚያ ሙሉ ካርቶኑን ሳልጠይቃቸው ከፈቱና ውስጡ ያለውን ኩሽኔታ አውጥተው አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ወዲህ ላሉት የሚሆን ነበር። የኔን ዓይነት ከሌላ መደርደሪያ አምጥተው ተኩልኝ። ይህን ሳላውቅ ብገዛ ሞተሩን አውርጄ ስጨርስ ነበር የሚገባኝ። የቮልስ ሞተር ማውረድ እንደሌላው አይከብድም፣ አራት ብሎን ነው። ሁለቴ ማውረድ ግን ማንንም አያስደስትም።

የሌላቸውን «የለኝም» ይላሉ። ቀና ብለው፣ ዓይን ዓይናችሁን እያዩ። ከዚያ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። የኮፈን እጀታ ስፈልግ «አዲሱ ኮፒ ነው፣ ኒኬሉ ክረምት ሳያልፍ ይላጣል። ሶማሌ ተራ ውረድና ያገለገለ ኦርጅናል ፈልግ» አሉኝ። ከስንት ብር በላይ እንዳልከፍልም ነገሩኝ። ሶማሌ ተራ ዋጋ ሳያውቁ መግባት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ከታች ወንፊት ብቻ ናት፣ የምትጠጣውም 2.5 ሊትር ነው። የወንፊቷን ጓርኒሲዮን ስገዛ ስድስት የመዳብ ዋሸር አብረው ጠቀለሉልኝ። «የድሮውን መልሰህ እንዳታስር፣ ያንጠባጥባል። ዳዶዎቹንም በጉልበት አታጥብቅ።» ከከተማ ልትወጡ ከሆነ ደግሞ «መጠባበቂያ ቺንጋ ይዘሃል?» ሳይሉ አይሸኟችሁም። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ነፋሱን የሚያመጣው ቬንትሌተር ዲናሞው ላይ ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ እዚያው መቆም ነው።

እንከንም አላቸው፣ አልደብቅም። ርካሽ አይደሉም። አንዳንዱ ዕቃ ጎማ ተራ ወይም መርካቶ ውስጥ ትንሽ ቀንሶ ይገኛል። ይዘገያሉ። ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ካለ እሱን እስከ መጨረሻው ሳይሸኙ ወደ እናንተ አይዞሩም። ስልክ ብዙ ጊዜ አያነሱም። በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። ይቆጣሉም፣ በተለይ ዕቃውን ሳታጸዱ ይዛችሁ ከመጣችሁ። ግን ቁጣቸው የአባት ነው፣ ወዲያው ጨርቅ ያቀብሏችኋል። ለቪትዝና ለኮሮላ ዕቃ አይያዙም፣ ያላቸው በአብዛኛው የአሮጌ ጀርመን መኪና ነው። ደረሰኝ ግን ሳትጠይቁ ይቆርጣሉ።

ረዳታቸው የሆነውንም ልጅ ላመስግነው። ጋሼ በሌሉበት ስሄድ የማያውቀውን «አላውቅም፣ ጋሼን ልጠይቃቸው» ይላል። በዚህ ገበያ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ አጽድታችሁ ያዙ። የሻንሲ ቁጥሩን አትርሱ። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማቆሚያ የለም። ከሜክሲኮም ከፒያሳም ታክሲ አለ፣ ከጥቁር አንበሳ በእግርም ቅርብ ነው። ጠዋት ይሻላል። ወር በገባ በ24 ግን አትልፉ፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያስቀመጡልኝን የፍሬን ጎማ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ። አጽድቼ ነው የምመጣው።