ነጭ የቤት ዕቃ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ማን እንደሚወለውለው አስቡ

ለፋሲካ ዋዜማ የቡፌዬን አናት በዱቄት ሳሙናና በስፖንጁ ሻካራ ጎን ፈተግኩት። ማታ አምሮልኝ ተኛሁ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ክብ ክብ ጭረት ብቻ! ቡፌው ሃይ ግሎስ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ዓይነት ነበር። ደብዘዝ ያለ ሜላሚን ቢሆን ይህን ያህል አይታይበትም ነበር።

ሱቅ ውስጥ ነጭና ልሙጥ የሆነ ሁሉ «ላሚኔት» ይባላል። ስታጸዱት ግን ጸባዩ ለየቅል ነው።

ሜላሚን ርካሹ ነው። ሙጫ የጠጣ ወረቀት በሙቀት ቺፕውድ (በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ወይም ኤምዲኤፍ (በሙጫ የተጨመቀ ደቃቅ የእንጨት ቃጫ) ላይ ተጭኖ ይሠራል። ደብዘዝ ያለውን ከመረጣችሁ የጣት አሻራ ብዙም አያሳይም፤ እርጥብ ጨርቅና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል። ፊቱን አትፍሩለት፣ ጠርዙን ፍሩለት። ውሃ በጠርዙ ከገባ ቺፕውዱ ያብጣል። አንዴ ካበጠ አለቀ፣ ቢደርቅም አይመለስም። ስለዚህ ስትገዙ ፊቱን ከማድነቅ በፊት ጎንበስ በሉ። ከታችና ከኋላ ጠርዙ ተሸፍኗል ወይስ ፍርፋሪው ይታያል? የተለጠፈውን ፕላስቲክ በጥፍር ሞክሩት። 2 ሚሊሜትር የሆነው ጠርዝ እንደ ወረቀት ከሚሳሳው ብዙ ይሻላል። ቤት ስታጥቡ ውሃውን እግሩ ሥር ማፍሰስም ይቅር።

ሃይ ግሎስ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሳሎን ያደምቃል። ጣጣው ግን ብዙ ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት አቧራው ራሱ ይጭረዋል። ለስላሳ ማይክሮፋይበር አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ ጥረጉት፤ ከዚያ አድርቁት። የእስክሪብቶ ቀለም ላስለቅቅ ብላችሁ አሴቶን እንዳትነኩ፣ ፊቱን ያደበዝዘዋል። «አስማተኛ» የሚባለው ነጭ ስፖንጅም እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሠራው። ልጆች ካሏችሁ እኔ ሃይ ግሎስ አልመክርም።

ፎርማይካ ጠንካራው ነው። ብዙ ወረቀት በሙጫ ተነክሮ በከፍተኛ ግፊት አንድ ሉህ ይሆናል፤ ከዚያ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ስሙ በ1913 አሜሪካ ከተቋቋመ ኩባንያ የመጣ ነው። በኤሌክትሪክ ሥራ ማይካ የሚባለውን ማዕድን ለመተካት ስለተሠራ «ለማይካ ምትክ» እንደማለት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ወጥና ዘይት ለሚፈስበት የኪችን ጠረጴዛ እሱን ነው የምመርጠው። ድስት ከእሳት አውርዶ ማስቀመጥ ግን እሱም ላይ አይቻልም።

እርድ ሦስቱንም ያስቸግራል። እንደፈሰሰ በሳሙና ጥረጉት። ቢጫ ጥላ ከቀረ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ትንሽ አቆዩበትና ሳትፈትጉ አንሱት፤ ሃይ ግሎስ ላይ ግን ሶዳውንም አትጠቀሙ። መጋረጃውንም ክፈቱ፣ የእርድ ቀለም በብርሃን ይለቃል። በረኪናና የብረት ሽቦ ግን ለየትኛውም አይሆኑም።

ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ ረከቦቱን ከነጩ ዕቃ ራቅ አድርጉት። ጭሱና ዕጣኑ ቅባትነት ያለው ቢጫ ሽፋን ይተዋል። በየጊዜው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ከተጠረገ አይከማችም።

ለቁም ሣጥን ጠርዙ በደንብ የተሠራ ሜላሚን ይበቃል። ሃይ ግሎስ ለሚወድ ደግሞ ማንም የማይነካው ጥግ ይኑረው። የእኔን ቡፌ አሁን እናቴ የሠራችው ዳንቴል ሸፍኖታል፤ እንግዳ ሁሉ ዳንቴሉን ያደንቃል።