የጥንት አውሮፕላን ሞተር በሩብ መጠን፦ ፈስሶ የመጣ ወይስ ድፍን ብረት?

የጥንት አውሮፕላን ሞተርን አሳንሶ የሚሠራ ሞዴል ለመገንባት ያሰበ ጓደኛ ሁሉ፣ ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ክፍል ልግዛ ወይስ ከድፍን ብረት ልላጭ ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴም አይለወጥም፦ በቅርጽ ፈስሶ የሚሸጠውን ስብስብ ተዉት፤ ንድፉን ብቻ ገዝታችሁ ከድፍን ብረት አውጡት።

እንዲህ የምለው ከስሬ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ አንዛኒ ነበር፤ ፈረንሳዊው አብራሪ ብሌርዮ እ.ኤ.አ. በ1909 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን በአውሮፕላን የተሻገረበት ሞተር። ፈስሶ የመጣውን ስብስብ የሚሸጡ ሁለት ሻጮች ነበሩ፤ አንደኛው የሌላውን ግማሽ ዋጋ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ዕቃው ደርሶ ካሊፐር ሳሳርፍበት ግን በቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በሚልጠው ማሽን) ለመላጨት የሚተርፍ ሥጋ የለውም። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ርካሹን የሸጠልኝ ሰውዬ የሌላውን ሻጭ ሥራ ገዝቶ፣ እሱኑ አሸዋ ላይ አትሞ አፍስሶበታል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ይኮማተራል፤ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ99 በታች ይወርዳል። የሚላጨው ትርፍ በቅጂው ጠፋ ማለት ነው። እንደምንም አብቃቅቼ ብዙ ምሽት ከሠራሁ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ላጭ ላይ የአየር ቀዳዳ ብቅ አለ። ያንን ክፍል ብቻ ሽጥልኝ ብለው፣ «ሙሉውን ግዛ» አለኝ። ሙሉውን ደግሜ ብገዛ የውዱን ያህል መክፈሌ ነው፤ በእጄ ግን ሞተር አልነበረኝም።

ድፍን ብረት ላይ ስትሳሳቱ የምትከስሩት አንድ ቁራጭና ጊዜያችሁን ነው። ሌላ ትቆርጣላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ሁለተኛውን አንዛኒ እንዲህ ስሠራ ሁለት ሲሊንደር አበላሽቻለሁ፤ ሁለቱም ተደምረው የዚያን ስብስብ ዋጋ ሩብ አልሞሉም። እርግጥ አብዛኛው ብረት ፍቅፋቂ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። ይህ የሚያሳዝናችሁ ከሆነ ግኖም የተባለውን የፈረንሳይ የጥንት አውሮፕላን ሞተር አስቡ፤ የዋናው ሞተር ሲሊንደሮች ራሳቸው ከድፍን ብረት ተልጠው የወጡ ነበሩ። ለግኖም ፈስሶ የመጣ ሲሊንደር መግዛት ታሪኩንም መሳት ነው።

ፈስሶ የመጣው የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፦ እንደ እንግሊዙ የአውሮፕላን ሞተር መርሊን ያለ ባለ 12 ሲሊንደር፣ ገላው በጉብጠትና በጎድን የተሞላ። ያንን በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ በሚፈቀፍቅ ማሽን) ከድፍን ማውጣት ዓመት ይፈጃል። ከገዛችሁ ግን የመጀመሪያውን ቅርጽ ከሠራው ሰው ግዙ፤ ለዋጋው አትከራከሩ።

ንድፉም ላይ ቢሆን ርካሹን አትምረጡ። የግኖም ሲሊንደር ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለአራት ቢካፈል ከ0.4 ያንሳል፣ ማንም ቶርኖ ላይ በሰላም አያወጣውም። ሁሉንም ለአራት አካፍሎ የሸጠላችሁ ሰው ሞተሩን አስነስቶት አያውቅም። ሲሠራ አሳየኝ በሉት። ካንዴላና ኩሽኔታ ግን አትሥሩ፤ ግዙ። እኔ ካንዴላ ለመሥራት ሞክሬ፣ ሦስተኛው እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ጣሪያው ላይ ተሰክቷል።